የጠፋችው ወጥ ሠሪና መጤው መርማሪ

ዴቪድ ሱሼ የሚባል ስም ብጠራላችሁ ብዙዎቻችሁ «ማነው ደግሞ እሱ?» ትላላችሁ። ጫፍና ጫፉ ወደ ላይ የሾለ ሪዝ ያለው፣ ጭንቅላቱ እንቁላል የሚመስል፣ በአጫጭር እርምጃ ቶሎ ቶሎ የሚሄደው የቴሌቪዥን መርማሪ ብላችሁ ግን ታውቁት ይሆናል። ሳሎን ስትወለውሉ ማዳም ከፍታው አይታችሁታል። ስሙ ኤርኩል ፕዋሮ ነው፤ ዐረቦቹ ቡዋሮ ይሉታል። ሱሼ ያን ሰው ሆኖ ከ1989 እስከ 2013 የተጫወተው እንግሊዛዊ ተዋናይ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡልኝ)። በጠቅላላው 70 ክፍል ሠርቷል።

እኔ ይህን ድራማ የለመድኩት የምንከባከባቸው አሮጊት ስለሚወዱት ነው። ከሰዓት መድኃኒታቸውን ሰጥቼ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ምንም አልገባኝም ነበር። እሳቸው በዐረብኛ እያስረዱኝ፣ በኋላ ደግሞ በስልኬ በእንግሊዝኛ እየፈለግሁ ሁሉንም ጨረስኩት፤ አንዳንዱን አራት ጊዜ አይቼዋለሁ። እሑድ ስንገናኝም እንደኔ የሚወዱት ሦስት አራት ልጆች አሉ። ገዳዩን ቀድማ ያወቀች ቡና አታፈላም፤ ሕጋችን ነው።

«ይሄ የወንጀል ፊልም ታሪክ ገጽ ላይ ምን ይሠራል?» የምትል ካለች ትንሽ ትታገሠኝ። የዚህ ሁሉ ድራማ የመጀመሪያው ክፍል፣ ጥር 1989 እንግሊዝ አገር የታየው፣ ስለ ማን መሰላችሁ? ስለ ንጉሥ አይደለም፣ ስለ ሚሊየነርም አይደለም። ስለ ጠፋች የቤት ሠራተኛ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ለንደን ውስጥ ክላፓም የሚባል ሰፈር የምትኖር ወይዘሮ ቶድ የምትባል ሴት ወደ ፕዋሮ ትመጣለች። ወጥ ሠሪዋ ኤላይዛ ደን በእረፍት ቀኗ ወጥታ አልተመለሰችም። ፕዋሮ በዚያን ጊዜ የታወቀ ሰው ነው፤ የጠፋ አልማዝ፣ የተሰረቀ የመንግሥት ወረቀት የሚፈልግ። እንዲህ ላለ ትንሽ ነገር ጊዜ የለኝም ይላታል። ሴትዮዋ ትቆጣለች። ለእኔ ጥሩ ወጥ ሠሪ ማለት ለትልቋ እመቤት የአንገት ዕንቁዋ ማለት ነው፣ ምን ልዩነት አለው? ትለዋለች። ይሄኔ ፕዋሮ ያፍራል። አጥፍቻለሁ ብሎ ጉዳዩን ይይዛል።

ቤቱ ሄዶ መጀመሪያ የሚያነጋግረው ማንን ነው? ሌላዋን ሠራተኛ፣ አኒን። አኒ ኤላይዛን ሴት እየጠለፉ የሚሸጡ ሰዎች ወስደዋታል ብላ ታምናለች። ሌላ መርማሪ ቢሆን ይስቅባታል። ሱሼ ግን ሲያዳምጣት ፊቱን እዩት። አይስቅም፣ ቀና ብሎ ይሰማታል፣ ስለ ቤቱ ትንንሽ ነገር ይጠይቃታል። ማዳም የማታውቀውን ሁሉ አኒ ታውቃለች፤ ማን ስንት ሰዓት እንደገባ፣ ማን ምን እንደበላ። እህቶቼ፣ ይሄን እኛ ነን የምናውቀው። ስንት ቤት ስንት ምስጢር ይዘን ነው የምንዞረው።

በነጋታው የቤቱ አባወራ፣ አቶ ቶድ፣ ጉዳዩን ተወው ብሎ ለድካሙ አንድ ጊኒ ይልክለታል። ጊኒ ማለት ያኔ አንድ ፓውንድና አንድ ሽልንግ ነው። ወጥ ሠሪ ጠፋች ተብሎ ይህ ሁሉ ወጪ ለምን? ነው ነገሩ። ፕዋሮ ተናደደ፤ ሥራውን ግን አላቆመም።

ኤላይዛን ያገኛት ከለንደን በጣም ርቃ፣ በሰሜን እንግሊዝ ገጠር፣ ትንሽ ቤት ውስጥ በደስታ ተቀምጣ ነው። ጺማም ሰው፣ በደንብ የለበሰ፣ ከአውስትራሊያ የመጣሁ ጠበቃ ነኝ ብሎ መንገድ ላይ አግኝቷት ነበር። ዘመድሽ ቤትና ገንዘብ አውርሶሻል፣ ነገር ግን ውርሱን የምታገኚው የቤት ሠራተኛነቱን ዛሬውኑ ከተውሽ ነው፣ ወደዚያ ቤት አትመለሺ ብሏት። ሂጂ፣ አሁኑኑ ሂጂ፣ ባቡሩ ሊሄድ ነው። ይህን ስሰማ ሳቄም መጣ፣ ሆዴም ተላወሰ። የኛ ደላላ ነዋ! በደንብ የለበሰ፣ አጣዳፊ፣ ለማንም አትንገሪ የሚል። ኤላይዛ ሞኝ አይደለችም። ዕድሜዋን በሙሉ በሰው ወጥ ቤት የኖረች ሴት የራስሽ ቤት አለሽ ስትባል ምን እንድታደርግ ነው የሚጠበቀው?

ሰውዬው ጠበቃ አልነበረም። እዚያው ቶድ ቤት አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር የባንክ ሠራተኛ ነው። የሥራ ባልደረባውን ገድሎ፣ ገንዘቡን ይዞ የጠፋው እሱ ነው ለማሰኘት አስቦ፣ ሬሳውን የሚያስገባበት አሮጌ ሳጥን ያስፈልገው ነበር። ኤላይዛን ያን ያህል አርቆ የሰደዳት ለሳጥኗ ብሎ ነው። አዲስ ሳጥን ቢገዛ ይታወቅበታል፤ የቤት ሠራተኛ አሮጌ ሳጥን ግን ሲወጣም ሲጫንም ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ኤላይዛ ዕቃዬን ላኩልኝ ብላለች ተብሎ ይጫናል፣ አለቀ።

እኔ እዚህ ጋ ሁልጊዜ የራሴ ሻንጣ ትዝ ይለኛል። ቀድሞ በሠራሁበት ቤት የእጅ አምባር ጠፋ ተብሎ ሻንጣዬ ምንጣፍ ላይ ተዘርግፏል፤ የእናቴን ፎቶ ሳይቀር ከፍሬሙ አውጥተው አይተዋል። አምባሩ ከሦስት ቀን በኋላ ከልብስ ማጠቢያው ኋላ ተገኘ። ይቅርታ ያለኝ የለም። ስለዚህ የሠራተኛ ሻንጣ አይታይም የሚለው እንግሊዝ አገር ነው፤ እዚህ በደንብ ይታያል። የሚያየው ሰው የሚያስበው ግን ያው ነው። ሻንጣው ስለ ማን እንደሆነ አይጠይቅም።

መጨረሻ ላይ ፕዋሮ ያችን የአንድ ጊኒ ቼክ በፍሬም አድርጎ ግድግዳው ላይ ይሰቅላታል። ትንሽ የሚመስልን ነገር እንዳይንቅ ማስታወሻ እንድትሆነው ነው። ታሪኩን በ1923 የጻፈችው አጋታ ክሪስቲ ናት፤ ድራማው ግን ጊዜውን ወደ 1930ዎቹ ወስዶታል።

በዚያ ዘመን እንግሊዝ አገር የቤት ሥራ ከሴቶች ሥራ ሁሉ ብዙ ሰው የያዘ ነበር፤ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሴቶች በሰው ቤት ይሠሩ ነበር። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት ደግሞ ከዚያም የበዙ ነበሩ። ጦርነቱ ሲመጣ ሴቶቹ ፋብሪካ ገቡ፣ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆረጡ፣ ማታ የራሳቸው ጊዜ መኖሩን አዩ። ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ ሰው ወጥ ቤት ተመለሱ ሲባሉ ብዙዎቹ አንፈልግም አሉ። ወይዘሮ ቶድ ለወጥ ሠሪዋ መርማሪ እስከ መቅጠር የደረሰችው ለዚህ ነው። ፍቅር አይደለም፣ ሌላ ማግኘት ስለሚከብድ ነው።

ከዚያ ምን አደረጉ? ከውጭ አመጡ። በ1938 እና 1939 ከሂትለር የሸሹ ወደ 20,000 የሚሆኑ፣ አብዛኞቹ አይሁድ የሆኑ ሴቶች ከጀርመንና ከኦስትሪያ እንግሊዝ የገቡት በቤት ሠራተኛ ፈቃድ ነው። ከነሱ መሐል በአገራቸው ራሳቸው ሠራተኛ የነበራቸው፣ የተማሩም ነበሩ። ፈቃዱ ሕይወታቸውን አድኗል፤ ግን ከቤት ሥራ ውጭ ሌላ ሥራ አያሠራም ነበር። ከፋላ የሚባለውን ስንሰማ ዐረብ አገር ብቻ ያለ ይመስለናል። ወረቀትን ከሰው ወጥ ቤት ጋር ማሰር የቆየ ነገር ነው።

አሁን ወደ መርማሪው ልመለስ፤ እሱም የመጣው እንደዚያው ነው። ፕዋሮ እንግሊዛዊ አይደለም፣ ቤልጅግ ነው፣ ያውም ስደተኛ። በ1914 ጀርመን ቤልጅግን ስትወር ወደ 250,000 ቤልጅጎች ባሕር ተሻግረው እንግሊዝ ገቡ። መጀመሪያ ሕዝቡ በአበባ ተቀበላቸው፣ ቤቱን ከፈተላቸው። ጦርነቱ ሲረዝም ግን ሥራችንን ወሰዱ፣ ምግባቸው ይሸታል የሚለው ወሬ ጀመረ። ሲያልቅ መንግሥት የመሄጃ ብቻ ቲኬት እየሰጠ አሰናበታቸው። አጋታ ክሪስቲ ያን ጊዜ ወጣት ናት፤ ቶርኪ በሚባል የባሕር ዳር ከተማ ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ መርዝን ሁሉ የተማረችው እዚያ ነው። ቤልጅግ ስደተኞች በከተማዋ ስለነበሩ መርማሪዬ ከነሱ አንዱ ይሁን አለች። በ1920 በወጣው የመጀመሪያ መጽሐፏ ፕዋሮ ከአገሩ ልጆች ጋር አንዲት ሀብታም ሴትዮ ባስጠጋቻቸው ቤት ይኖራል፤ የምትሞተውም ያችው ያስጠጋቻቸው ሴትዮ ናት። ሱሼ ይህን ታሪክ በ1990 ሠርቶታል፤ ወታደርና ስደተኛ የበዛበት፣ ከሌሎቹ ክፍሎች ለየት ያለ ነው።

ከሱሼ በፊት ፕዋሮን የሠሩ ነበሩ። አልበርት ፊኒ በ1974፣ ፒተር ኡስቲኖቭ ከ1978 ጀምሮ። ጎበዞች ናቸው፣ አልክድም፤ ኡስቲኖቭ በጣም ያስቃል። ግን የሚያስቀው በውጭ አገር ሰውነቱ ነው። በ1985 በአንድ የኡስቲኖቭ ፊልም ውስጥ ሱሼ ራሱ ፖሊሱን፣ ኢንስፔክተር ጃፕን፣ ሆኖ ተጫውቷል፤ በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ መጥፎው እንደሆነ በኋላ ተናግሯል። ፕዋሮን ስትሠራ ተብሎ ሲጠየቅ ጋዜጠኛ ወንድሙ ጆን እንዳትነካው ብሎ መክሮት ነበር፤ ሰው ይስቅብሃል ብሎ። የክሪስቲ ልጅ ደግሞ ምሳ ጋብዛ ያስጠነቀቀችው አለ፦ ሰዎች ከፕዋሮ ጋር ይሳቁ፣ በፕዋሮ ላይ ግን እንዳይስቁ።

እኔ የሱሼ ሥራ ሁሉ እዚህች ላይ ነው ያለው እላለሁ። መጽሐፎቹን ሁሉ አንብቦ የሰውየውን ጠባይ በዝርዝር ጻፈ፤ 93 ነጥብ ሞላ። የመጀመሪያው ነጥብ ምንድነው? ቤልጅግ ነው፣ ፈረንሳይ አይደለም የሚል። ድራማው ውስጥ በየክፍሉ ማለት ይቻላል አንዱ እንግሊዛዊ «ያ ፈረንሳይ» ይለዋል፣ እሱም ያርማል። አንድም ቀን አይሰለቸውም፣ አይጮህም፣ ያርማል። ቤይሩት የሠራችሁ ታውቃላችሁ፤ እዚያ የቤት ሠራተኛ ማለት «ሲሪላንኪያ» ነበር፤ ኢትዮጵያዊቷም ሲሪላንኪያ፣ ፊሊፒኗም ሲሪላንኪያ። የአገር ስም የሥራ ስም ሆነ። እንግዲህ እኔ ስንት ጊዜ አርሜ እንደተውኩት ለራሴ ይቆየኝ። ሱሼን ሳይ ግን ማረም መሳደብ ሳይሆን ልክ ኮሌታን እንደማስተካከል ሆኖ ይታየኛል።

አነጋገሩንም ልብ በሉ። ሱሼ በተፈጥሮው ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ነው። የፈረንሳይና የቤልጅግ ሬዲዮ እየሰማ አነጋገሩን አጠና፣ ድምፁንም ከደረቱ ወደ ጭንቅላቱ አወጣው። ሆዱ በልብሱ ውስጥ የተሸከመው ትራስ ነው። እርምጃው የተለማመደው ነው። ቀረጻው ገና ሲጀመር አግዳሚ ወንበር ላይ ከመቀመጡ በፊት በመሐረቡ ልጥረገው ብሎ ከዳይሬክተሩ ጋር ተጣልቷል። ዳይሬክተሩ ያስቃል አለው፤ እሱ ግን ይሄ ሰው ይህን ካላደረገ ፕዋሮ አይደለም አለ። አሸነፈም። ንጹሕ መሆን ለሚወድ ሰው ወንበር መጥረግ ምኑ ያስቃል? እኛ ቀኑን ሙሉ የምናደርገው አይደል።

ክሪስቲ መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር አለ፤ ባለ ሦስት ገቢር አሳዛኝ ድራማ እንደ ማለት ርዕስ ባለው መጽሐፏ። ፕዋሮ እንግሊዝኛን አጥርቶ መናገር ይችላል። ሰባራ አድርጎ የሚናገረው ሆን ብሎ ነው። ሰባራ ሲናገር ይንቁታል፣ ሲንቁት ደግሞ ፊቱ ላይ ሳይጠነቀቁ ያወራሉ። እዚህ ጋ ስደርስ ስልኬን አቁሜ ብቻዬን ሳቅኩ። ዐረብኛ አትሰማም ተብሎ ፊት ለፊቷ ስንቱ የተወራባት እህት ይህን ታነባለች።

ተመላላሽ የሆናችሁ ደግሞ የወይዘሮ ማክጊንቲን ክፍል እንዳታልፉት፤ በ2008 የታየ ነው። ወይዘሮ ማክጊንቲ በመንደሩ ቤት ለቤት እየዞረች የምታጸዳ አሮጊት ናት። ጭንቅላቷን ከኋላ ተመታ ትሞታለች። 30 ፓውንድ ቁጠባዋ ስለጠፋ ተከራይዋ ገደላት ተብሎ ሞት ይፈረድበታል። ለጽዳት ሠራተኛ ሞት ሌላ ምን ምክንያት ይኖራል? ፕዋሮ ግን ከመሞቷ በፊት አንዲት ጠርሙስ ቀለም እንደገዛች ይሰማል። ደብዳቤ የማትጽፍ ሴት ቀለም ለምን ገዛች? ጋዜጣ ላይ የወጣ የድሮ ፎቶ፣ ከምታጸዳቸው ቤቶች በአንዱ አይታዋለች፤ ለጋዜጣው ልትጽፍ ነው። አቧራ የምትጠርግ ሴት ፎቶዎቹን ሁሉ ታያለች። ገዳዩ ብቻ ነው ይህን የተረዳው፤ ከዚያ ፕዋሮ።

በ2004 በተሠራው የናይል ወንዝ ላይ ሞት ውስጥም ሉዊዝ የምትባል የእመቤቲቱ ገረድ ገዳዩን አይታ ዝም በማለት ገንዘብ ልታገኝ ስትል ትሞታለች። እሷን አልወዳትም፤ ለምን እንደዚያ እንዳደረገች ግን ይገባኛል።

ሁሉም መልካም ነው እያልኩ አይደለም። ክሪስቲ የቤት ሠራተኞችን ብዙ ጊዜ ደንቆሮና አልቃሻ አድርጋ ነው የምትጽፋቸው። ሚስ ማርፕል በምትባለው ሌላዋ መርማሪ መጽሐፍ ውስጥ ሚትዚ የምትባል ከጦርነት የሸሸች ወጥ ሠሪ አለች፤ ስለ ፍርሃቷና ስላየችው ስቃይ ባወራች ቁጥር ሁሉም ይሰለቿታል፣ ውሸታም ይሏታል። ያንን መጽሐፍ ስሰማ ተናድጄ ነበር። በኋላ ወንጀለኛው ሲያዝ ትልቁን ድፍረት የምታሳየው እሷ ብትሆንም ንዴቴ አልወጣልኝም።

ሱሼ ግን መጤ ሰውን መሥራት ከፕዋሮ በፊትም ያውቅበታል። በ1985 ብሎት የሚባል ሰው ሆኖ ነበር፤ የጦር እስረኛ ሆኖ መጥቶ በእንግሊዝ ጌቶች ቤት አትክልተኛ ሆኖ የቀረ የውጭ አገር ሰው። የዚያ ድራማ አዘጋጅ ብራያን ኢስትማን ነው በኋላ ለፕዋሮ የመረጠው። ቴአትር ላይ ሻይሎክን ሠርቷል። በ2001 ሜልሞት የሚባል፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የለንደን ከበርቴ ሆኗል። በ2007 ደግሞ ሮበርት ማክስዌልን፤ ቼኮዝሎቫኪያ ድሃ ቤት ተወልዶ እንግሊዝ የጋዜጣ ጌታ የሆነው፣ በ1991 ከመርከቡ ወድቆ ሲሞት የሠራተኞቹን የጡረታ ገንዘብ እንደወሰደ የታወቀበት። ለዚህ ሥራው ዓለም አቀፍ ኤሚ ተሸልሟል። ማክስዌልን ሲሠራ እንድንጠላው ያደርገናል፣ ግን መጤ ስለሆነ አይደለም የምንጠላው፤ ሌባ ስለሆነ ነው። ይህን ለይቶ ማሳየት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሱሼ ራሱ ለንደን ቢወለድም አባቱ ደቡብ አፍሪካ የተወለዱ ሐኪም ናቸው፣ የአባቱ ወገኖችም ከምሥራቅ አውሮፓ የወጡ አይሁድ ናቸው።

የመጨረሻው ታሪክ መጋረጃ ይባላል፤ ክሪስቲ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጽፋ አስቀምጣው በ1975 ነው የወጣው። ሱሼ ለዚህ ክፍል ከስቶ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ይታያል፤ ኅዳር 2013 ታየ። እኔና አሮጊቷ ያን ቀን መድኃኒታቸውን በሰዓቱ አልወሰዱም፤ ሁለታችንም አልቅሰን ነበር። አረጋውያን የምትንከባከቡ እህቶች ያን ክፍል ብቻችሁን እንዳታዩት። መጀመሪያ የኤላይዛን እዩ፤ ሃምሳ ደቂቃ ገደማ ነው፣ ልብስ ተኩሳችሁ ሳትጨርሱ ያልቃል። እሑድ የምትመጡ ካላችሁ የወይዘሮ ማክጊንቲን በስልኬ ይዤ እመጣለሁ፤ ቡናውን ማን እንደምታፈላ እናያለን።